ሽንኩርት የማን ዘመድ ነው?

ዘር አባዢዋ፦ እኔ የሽንኩርት ዘር ሳባዛ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። እናንተ ደግሞ በመጽሐፍ ላይ ስታዘዋውሩት። ትምህርት ቤት ሳለሁ ከሊሊ ቤተሰብ ነው ተባልን። ቆይቶ ራሱን የቻለ የሽንኩርት ቤተሰብ አለው ተባለ። አሁን ያንተ ተማሪዎች አማሪሊዳሴ ብለው ይጽፋሉ። ማሳ ላይ ያለው ሽንኩርት ግን አንድ ቅጠል እንኳ አልለወጠም። የትኛውን ልመን?

መዳቢው፦ እትዬ፣ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ልጥራልዎትና ነገሩን ከሥሩ እንየው። የድሮዎቹ ሊቃውንት የያዙት ምልክት አበባው ዘር የሚቋጥርበት ክፍል የት እንደተቀመጠ ነበር። ከአበባው ቅጠሎች መያያዣ በላይ ከሆነ ሊሊ፣ በታች ከሆነ አማሪሊስ። የሽንኩርት በላይ ነው፤ ስለዚህ ከሊሊ ጋር ገባ። በ1934 ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ የዕፅዋት ሊቅ ሌላ ምልክት ይበልጣል አለ። አበቦቹ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው ይወጡና ከአገዳው ጫፍ ከአንድ ነጥብ ጃንጥላ ሠርተው ይዘረጋሉ። አማሪሊስም እንዲሁ ነው። በዚያ መለኪያ ሽንኩርት ወደ አማሪሊስ ተዛወረ። ከእሱ በኋላ ለብቻው ቤተሰብ ይሁን ያሉ መጡ፣ ወደ ሊሊ የመለሱትም ነበሩ። በ2009 የዲ ኤን ኤ ንጽጽርን መሠረት ያደረገው ዓለም አቀፍ የአበባ ተክሎች ምደባ ከአማሪሊስ ጋር አስገባው፤ በ2016 ሲታደስም እዚያው ቆየ።

ዘር አባዢዋ፦ ያንን ምደባ ያወጣው ቡድን ራሱ አይደለም እንዴ በ1998 ለብቻው ቤተሰብ ነው ብሎ የነበረው? ዳኛው አንድ፣ ማስረጃው አንድ፣ ፍርዱ ሁለት።

መዳቢው፦ በ1998ም በ2009ም ማስረጃው የሚለው ሽንኩርትና አማሪሊስ የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን ነው። የተለወጠው ድንበሩ የት ይሁን የሚለው ነው። ሽንኩርት፣ አማሪሊስና ሌላ አንድ ዘመዳቸው ሦስት ትናንሽ ቤተሰቦች ይባሉ ወይስ አንድ ትልቅ ቤተሰብ በውስጡ ሦስት ክፍል ያለው? ይህ የሰው ውሳኔ ነው፤ እስማማለሁ። ማን ከማን ጋር አንድ አያት እንዳለው፣ ማን ቀድሞ እንደተለየ ግን ሰው የሚወስነው አይደለም። ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም። እኔ የምሟገተው ለዚህኛው ነው።

ዘር አባዢዋ፦ ይህን ቃልህን ይዤዋለሁ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። እስከዚያው ግን፣ እኔ ብሆን ይህን ያህል አልደክምም ነበር። ሽንኩርትን ሽንኩርት የሚያሰኘው ሽታው ነው። ቅጠሉን በጣቴ ጨመቅ አድርጌ ባሸተው ይነግረኛል።

መዳቢው፦ ለገበያና ለወጥ ይበቃል፤ ለዝምድና ግን ያሳስታል። ሽታው ተክሉ ሳይነካ የለም። ቅጠሉ ሲጨመቅ ወይም ራሱ ሲከተፍ ሴሎቹ ይፈርሳሉ፤ ያን ጊዜ ለየብቻ የነበሩት ሰልፈር ያለበት ንጥረ ነገርና አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም ይገናኛሉ። ነጭ ሽንኩርት ላይ አሊሲን ይወጣል። ቀይ ሽንኩርት ላይ ሌላ ኢንዛይም ይጨመርና ዓይን የሚያስለቅሰው ጋዝ ይሆናል፤ ያንን ሁለተኛ ኢንዛይም ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት በ2002 ነው። ግን ሰልፈርን ለመከላከያ ማዋል የሽንኩርት ብቻ ጥበብ አይደለም። በአውሮፓ ጫካ ዳር የሚበቅል አሊያሪያ የሚባል ተክል አለ፤ ቅጠሉ ቁርጥ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፣ ዝምድናው ግን ከጎመን ነው። በደቡብ አሜሪካ ማንሶአ የምትባል ሐረግ አለች፤ እሷም ነጭ ሽንኩርት ትሸታለች፣ ቤተሰቧ ግን አዲስ አበባ መንገድ ዳር ሐምራዊ ሆኖ የሚያብበው ጃካራንዳ ያለበት ነው። በአንጻሩ ኖቶስኮርደም የሚባሉ የአሜሪካ ተክሎች መልካቸው ሽንኩርት፣ ዝምድናቸውም የቅርብ ሆኖ ሳለ የሽንኩርት ሽታ የላቸውም። በአፍንጫ ብንሄድ ጎመኑን አስገብተን የአጎት ልጅን ከበር እንመልሳለን።

ዘር አባዢዋ፦ መልካም፣ አፍንጫዬን ተውኩት። የዓይንን ነገር ግን አልተውም። ሃቺንሰን አንድም ዲ ኤን ኤ ሳያነብ አበባውን አይቶ ብቻ እናንተ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይታችሁ የደረሳችሁበት ቦታ ደርሶ ነበር።

መዳቢው፦ ደርሶ ነበር። ትክክል መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ ግን አልነበረውም። አንዱ ዘር መቋጠሪያውን፣ ሌላው የአበባውን አዘረጋግ ይዞ ሲከራከር የትኛው ምልክት ይበልጥ ጥንታዊ እንደሆነ የሚናገር ሦስተኛ ምስክር አልነበረም። የሚሉላን ነገር ልንገርዎት፤ እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ1895 ዴቪድ ፕሬይን ከሂማላያ የመጣ አንድ ተክል ገለጸ። ቅጠሉ ሽንኩርት፣ ሽታው ሽንኩርት፣ አበባው ግን ጃንጥላ አይደለም። አበቦቹ በአገዳው ጫፍ ርዝመት ላይ ተደራርበው የተሰካኩ ናቸው። ሃቺንሰን ሽንኩርትን የለየበት ምልክት እዚህ ላይ ፈረሰ። ፕሬይን ሚሉላ የሚል አዲስ ወገን አወጣለት። ከእሱ በኋላ እንዲያውም ለዚህ አንድ ተክል ብቻ ቤተሰብ ያቆሙለት ነበሩ።

ዘር አባዢዋ፦ ፕሬይን ያንን ስም ያወጣው የሽንኩርት ወገን የሚጠራበትን የአሊየምን የላቲን ፊደላት አገለባብጦ መሆኑን ሰምቻለሁ። ዝምድናውን አላጣውም ማለት ነው።

መዳቢው፦ ጠርጥሮታል። በ2000 በጀርመን ጋተርስሌበን ያሉት ተመራማሪዎች ዲ ኤን ኤውን ሲያነቡ የተገኘው ግን ፕሬይን ከጠረጠረው ያለፈ ነው። እሱ ሚሉላ የአሊየም ጎረቤት ነው ብሎ ነበር፤ ማስረጃው የአሊየም ልጅ ነው አለ። ከአሊየም ውጭ ቆሞ የሚዛመድ ሳይሆን በሂማላያና በቲቤት ካሉት አሊየሞች መካከል ቁጭ ያለ፣ ከአንዳንዶቹ ጋር ያለው ዝምድና እነሱ ከቀይ ሽንኩርት ጋር ካላቸው የሚቀርብ። ዛሬ አሊየም ስፒካተም ይባላል። ጎን ለጎን መሆንና ውስጥ መሆን ትልቅ ልዩነት አለው፣ እትዬ። ውስጥ ከሆነ ያ የተለየ አበባ ከጃንጥላው በኋላ የመጣ ለውጥ ነው ማለት ነው። ቤተሰብ ያቆሙለት ሰዎች የመጨረሻውን ለውጥ የመጀመሪያው ልዩነት አድርገው ነው ያዩት።

ዘር አባዢዋ፦ ሌላውንስ ምን ያህል አዛውራችኋል?

መዳቢው፦ ብዙ። ሊኒየስ በ1753 ወደ 30 ዝርያ ነበር የጻፈው። ሬገል በ1875 ወደ 260 አደረሳቸው። ዛሬ ወደ 1,000 ይጠጋሉ። ከሜዲትራኒያን እስከ መካከለኛው እስያ፣ ከዚያም ሰሜን አሜሪካ ተበትነዋል። በ1992 ፒተር ሃኔልትና ባልደረቦቹ በስድስት ንዑስ ወገን አስቀመጧቸው። በ2006 ፍሪዘን፣ ፍሪችና ብላትነር የ195 ዝርያዎችን ዲ ኤን ኤ አነጻጽረው 15 ንዑስ ወገንና 72 ክፍል አደረጓቸው።

ዘር አባዢዋ፦ በአሥራ አራት ዓመት ስድስቱ አሥራ አምስት ሆኑ። ይህ እውቀት ጨመረ ማለት ነው ወይስ ስም?

መዳቢው፦ ምን እንደፈረሰ ይዩ። ከመሬት በታች የሚጋደም ግንድ ያላቸው ሽንኩርቶች ሁሉ በአንድ ንዑስ ወገን ታጭቀው ነበር። ዲ ኤን ኤው ሲነበብ በዛፉ ላይ እዚህም እዚያም ተበትነው ተገኙ። በዚያ ግንድ የሚመሳሰሉት አንድ ቤት ስለሆኑ አልነበረም። ስለዚህ ተለያዩ፤ ቁጥሩም ጨመረ። አለመጨመሩ ነበር ውሸት የሚሆነው።

ዘር አባዢዋ፦ እንግዲህ ትንሽ ጠበቅ ላድርግብህ። የቀይ ሽንኩርት ዲ ኤን ኤ ወደ 16 ቢሊዮን ፊደል ነው ይባላል፤ የሰውን አምስት እጥፍ። በ2006 ያ ዛፍ ሲሠራ ከእያንዳንዱ ተክል የተነበበው ስንት ነው?

መዳቢው፦ ወደ 600 ፊደል።

ዘር አባዢዋ፦ ከ16 ቢሊዮን 600! እኔ ከአንድ ኩንታል ዘር አንዲት ፍሬ አብቅዬ ይህ ዘር ጥሩ ነው ብዬ ብሸጥ ገበሬው ይከሰኛል።

መዳቢው፦ ከባድ ጥያቄ ነው። ያች ቁራጭ የተመረጠችው በሁሉም ተክል ውስጥ ስላለች፣ ለማንበብ ስለምትቀልና በዘመዳሞች መካከል ለመለየት በሚበቃ ፍጥነት ስለምትለወጥ ነው። ፍርዱ ግን በእሷ ብቻ አልቀረም። ክሎሮፕላስት የራሱ ዲ ኤን ኤ አለው፤ ከኒውክለሱ ተለይቶ ነው የሚወረሰው፤ ማለትም ሌላ ምስክር ነው። ሁለቱ ለየብቻ ተጠይቀው በሦስት ትልልቅ የአሊየም ግንዶች ላይ ተስማምተዋል። ከዚያ ወዲህ የነጭ ሽንኩርት ሙሉ ዲ ኤን ኤ በ2020፣ የቀይ ሽንኩርት በ2021 ታትሟል።

ዘር አባዢዋ፦ የማይስማሙበትስ ቦታ የለም?

መዳቢው፦ አለ። አሊየም ሮይሌይ። ከሰሜን ምዕራብ ሂማላያ የሚገኝ ብርቅ ተክል ነው። የኒውክለሱ ዲ ኤን ኤ ከቀይ ሽንኩርት ጎን ያስቀምጠዋል። ክሎሮፕላስቱ ግን ወደ ሌላ ክፍል፣ ቺቭ ወደሚባለው ቀጭን ቅጠላም ሽንኩርት ወገን ይጎትተዋል። ብዙዎች ከሁለት ዝርያ የተዳቀለ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ዘር አባዢዋ፦ እንግዲያው ዛፍህ እዚህ ላይ ዛፍ አይደለም። ሁለት ቅርንጫፍ ተመልሶ የሚገጥምበት ዛፍ የት አለ? ሮይሌይም ብቻውን አይደለም። ከሴፓ፣ ማለትም ከቀይ ሽንኩርት፣ እና ፊስቱሎሰም ከሚባለው ዘመዱ ተዳቅሎ አገዳው ላይ ትንንሽ ሽንኩርት የሚያፈራው አለ። በካሽሚርና በክሮኤሺያ ሦስት እጥፍ ክሮሞዞም ይዞ በየጓሮው የሚኖረው አለ። ቅድም ምን ነበር ያልከኝ? ማን ከማን እንደተለየ ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም። ይኸው የተለዩት ተመልሰው ሲገናኙ።

መዳቢው፦ ተገናኝተዋል፤ ያንንም ያወቅነው ዛፉን ስለሠራን ነው። ሁለቱ ምስክሮች ባይጣሉ ሮይሌይን ማን ይጠረጥረው ነበር? ደግሞ ነገሩ ወረቀት ላይ አልቀረም። ዳውኒ ሚልዲው የሚባለውን የቅጠል በሽታ ያውቁታል፤ ዝናብና ቅዝቃዜ ሲገጥም ማሳ ሙሉ ሽንኩርት ያበላሻል። ሮይሌይ ይቋቋመዋል። ደቾች ያንን ባሕርይ በማዳቀል ወደ ቀይ ሽንኩርት ለማስገባት ከ20 ዓመት በላይ ደክመው ተሳክቶላቸዋል። ሌላም አለ። ፊስቱሎሰም ብዙ በሽታ የሚቋቋም ሽንኩርት ነው፣ ከሴፓ ጋር በቀጥታ ሲዳቀል ግን የሚወለደው ተክል መካን ነው ማለት ይቻላል። የደቾቹ የዋገኒንገን ተመራማሪዎች በመጀመሪያ ፊስቱሎሰምን ከሮይሌይ አዳቀሉ፣ ከዚያ የተወለደውን ከሴፓ ጋር። ሮይሌይ ከሁለቱም ጋር የሚግባባ በመሆኑ አማላጅ ሆነ። ከወደ 1,000 ዝርያ ውስጥ ያንን ተክል ለይቶ ለመሞከር የዘመድ ካርታ ያስፈልጋል።

ዘር አባዢዋ፦ ወይም ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ሞክረው አንዱ ሠራ። አዳቃይ ሲባል እኔ አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ያዳቅላል፣ ለምን እንደሠራ በኋላ ይጠይቃል። ለደቾች ይጠቅም ይሆናል። ለእኔ ገበሬ፣ ግማሽ ሄክታር ላይ ለሚፍጨረጨረው፣ ምን ያደርግለታል?

መዳቢው፦ ነጭ አበስብስ የሚባለውን በሽታ ያውቃሉ።

ዘር አባዢዋ፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ ስንቱን ሰው ነጭ ሽንኩርት እንዳስተወ አውቃለሁ። ሥሩ በነጭ ሻጋታ ይሸፈናል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ስትስበው ያለ ሥር ይመጣል።

መዳቢው፦ ያ ፈንገስ አፈር ውስጥ የሚያድረው ከጤፍ ያነሱ ጥቁር እንክብሎች ሆኖ ነው። 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ስንዴ ቢዘሩበት አይነቃም፣ ባቄላ ቢዘሩበት አይነቃም። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት ወይም ባሮ ሽንኩርት ሲተከል ግን ሥራቸው የሚለቀው ሰልፈራማ ንጥረ ነገር በአፈሩ ባክቴሪያ ተሰብሮ ሽታ ይሆናል፤ ያ ሽታ ቀስቅሶት ሥሩን ይይዛል። ፈንገሱ ሊኒየስን አላነበበም፤ ነገር ግን የሚለየው ልክ እኛ አሊየም ብለን የከለልነውን ወገን ነው። ነጭ ሽንኩርት ታሞበት ቀይ ሽንኩርት የሚተክል ገበሬ ሰብል የቀየረ ይመስለዋል፤ ለፈንገሱ ግን ምንም አልተቀየረም።

ዘር አባዢዋ፦ ቅድም ከሽታ ያሸሸኸኝ አንተ፣ አሁን በሽታ ልታስረዳኝ ተመለስክ! ፈንገሱ ዘር አይቆጥርም፤ የሚያውቀው ሽታ ነው። እንዲያውም በውጭ አገር ምንም ሽንኩርት በሌለበት ማሳ ላይ የነጭ ሽንኩርትን ሽታ የያዘ ውህድ አፈር ውስጥ ይጨምሩና እንክብሎቹን ያለጊዜያቸው ይቀሰቅሷቸዋል። ነቅቶ የሚበላው ሲያጣ ይሞታል። በጠርሙስ ሽታ የሚታለል ምስክር ስለ ዘር ምን ያውቃል?

መዳቢው፦ ስለ ሽታው ልክ ነዎት፤ ምስክርነቱን ከሚገባው በላይ ከፍ አድርጌው ነበር። የምደባን ጥቅም ግን በዚህ ልይዘው። ሽታ የሚነግረኝ አሁን ያሸተትኩትን ነው። ዝምድና የሚነግረኝ ገና ያላየሁትን ነው። አንድ ሰው ማንም አብቅሎት የማያውቅ ተክል ቢያመጣልኝና አሊየም መሆኑ ቢረጋገጥ፣ አበስብስ ሊይዘው እንደሚችል፣ ዋግና ትሪፕስ ሊያጠቁት እንደሚችሉ፣ ከየትኛው ጋር ቢዳቀል ተስፋ እንዳለው ሳልሞክር እገምታለሁ። ልሳሳት እችላለሁ። ግን በጭፍን አልጀምርም።

ዘር አባዢዋ፦ ገበሬውም ጭፍን አይደለም። ነጭ ሽንኩርት በነበረበት ቀይ የሚተክለው ገበያው የሚጠራው እነዚህን ስለሆነና መሬቱ ስለጠበበው ነው። ወገናቸው አንድ ነው ብለህ ስትነግረው ምን ይብላ?

መዳቢው፦ ማፈራረቅ ብቻውን እንደማያድነው ቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል። 20 ዓመት የሚጠብቅን ጠላት ሁለት ወቅት ባቄላ በመዝራት አይረቱትም። ያልታመመ ማሳ ያለው ሰው ዋናው መከላከያው ንጹሕ ተከላ መግዛትና የታመመ ማሳ አፈር በእግሩም በማረሻውም ይዞ አለመግባት ነው። በመሬቱ ጥበት ላይ የምለው የለኝም።

ዘር አባዢዋ፦ እንዲህ ስትናገር ደስ ይለኛል። አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ። የአበሻ ሽንኩርት የምንላት፣ ትንሿ፣ አንዷ ራስ ተተክላ ብዙ የምትሆነው፣ ወጡን የምታወፍረው፣ መቂና ዝዋይ ከሚመረተው ቦምቤ ሬድ ጋር አንድ ዝርያ ናት ትላላችሁ?

መዳቢው፦ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ሁለቱም አሊየም ሴፓ ናቸው። ያለ ችግር ይዳቀላሉ፣ የሚወለደውም ዘር ይሰጣል።

ዘር አባዢዋ፦ በየምርምር ወረቀቱ አስካሎኒከም የሚል ስም የማየውስ?

መዳቢው፦ ሊኒየስ ከአስቀሎና ከተማ አያይዞ የሰጠው ስም ነው፤ ሻሎት ለሚባለው፣ የእኛም የአበሻ ሽንኩርት ለሚመደብበት ዓይነት፣ ለረጅም ጊዜ እንደ ዝርያ ስም አገልግሏል። በኋላ ሊኒየስ የተጠቀመበት የደረቀ ናሙና ሲመረመር የጓሮ ሻሎት ሳይሆን የምሥራቅ ሜዲትራኒያን የዱር አሊየም ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ያ ስም ለሻሎት እንደ ዝርያ ስም አይሠራም። በሴፓ ሥር የሚቀር የዓይነት መለያ አድርገው የሚጽፉ አሉ።

ዘር አባዢዋ፦ እንግዲህ የእኔን ነገር ስማ። የአበሻዋ የምትተከለው በራሷ ነው፣ የፈረንጁ በዘሩ። የአበሻዋን ገበሬው ከእናቱ ወርሶ፣ ከዓመት ዓመት መርጦ አቆይቷታል። ደብረ ዘይት ላይ ሁሩታና ምንጃር የሚባሉ ዓይነቶች የወጡት ከዚያ ሀብት ነው። አሁን ቦምቤ ሬድ ራሱ ትልቅ ስለሆነና ለመላጥ ስለሚቀል ገበያውን ያዘው። አንድ ዝርያ ናቸው የሚለው ቃልህ ወደ ቢሮ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስብ። ሽንኩርት በሚል አንድ መስመር ይጻፋሉ። አንደኛዋ ብትጠፋ ቁጥሩ ላይ አይታይም፤ ሌላው ሸፍኖታልና። ዝምድናቸው እውነት ነው፤ ግን ያ እውነት ሁለት ነገርን አንድ አድርጎ እንድትጠፋ መንገድ ከፈተላት።

መዳቢው፦ ይህ የዝርያ ስም ጥፋት አይደለም። ለሰብል የተለየ የስም ሕግ አለ፣ ከ1953 ጀምሮ። ከዝርያ በታች የዓይነት ቡድንና የዓይነት ስም ይሰጣል። የአበሻዋም በዚያ ትጠራ።

ዘር አባዢዋ፦ ሕጉ አለ። ቢሮው ግን ሳጥኑን ከዝርያ ላይ ይቆርጠዋል። ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ክብር የምትሰጡት ለዝርያ ነው። አዲስ ዝርያ ያገኘ ሰው ስሙ ይጻፍለታል። አዲስ ዓይነት ያቆየ ገበሬ ስሙን ማን ያነሳዋል?

መዳቢው፦ በዚህ አልከራከርዎትም። ነገር ግን ምደባው አንዳንዴ የሚያድነው ያንኑ ሀብት ነው። ፈረንሳዮች በጣም የሚወዱት ግራጫ ሻሎት አላቸው፤ ከሻሎት ሁሉ የጣመ ሻሎት ነው ሲባል የኖረ። ሲመረመር ሴፓ አይደለም፤ የመካከለኛው እስያ አሊየም ኦሻኒኒ ነው። ሰው ሁለት የተለያዩ የዱር ዝርያዎችን በሁለት ቦታ አላምዶ ወደ አንድ መልክ አድርሷቸዋል። ያ ተክል በበሽታ ቢያልቅ በሴፓ ሻሎት ይተካል ብሎ የሚተማመን ሰው ይኖር ይሆናል። አይተካም።

ዘር አባዢዋ፦ ያ ምሳሌ ለእኔም ይሠራል። የፈረንሳይ ወጥ ሠሪ ሁለት ዝርያ ይዞ አንድ ነገር ነው አለ። የእኔ ገበሬ አንድ ዝርያ ይዞ ሁለት ነገር ነው አለ። ሁለቱም ለሚፈልጉት ሥራ ልክ ናቸው። እሺ፣ ዝርያን ራሱን እንየው። በመዳቀል ትለያለህ መሰለኝ። ቫቪሎቪ የሚባለው የዱር ሽንኩርት ከሴፓ ጋር ይዳቀላል?

መዳቢው፦ ይዳቀላል፤ የሚወለደውም ዘር ይሰጣል። በቱርክሜኒስታንና በኢራን ተራሮች የሚበቅል ነው፤ ለቀይ ሽንኩርት በጣም ከሚቀርቡት የዱር ዘመዶች አንዱ።

ዘር አባዢዋ፦ ታዲያ ለምን ሌላ ዝርያ ሆነ? የአበሻዋና ቦምቤ ሬድ የሚዳቀሉ ስለሆነ አንድ ናቸው ካልክ፣ ይህም አንድ ነው።

መዳቢው፦ የሚለየው በአገዳው ቅርጽና በቅጠሉ፣ በሚኖርበትም ቦታ ነው። አንድ ሰው ሁለቱን በአንድ ዝርያ ሥር ቢያደርጋቸው ግን አልጣላውም።

ዘር አባዢዋ፦ ነጭ ሽንኩርትስ? እኛ ዘንድ ማንም ሰው ዘር ሲሰጥ አይቶት አያውቅም። ቢሾፍቱ ነጭም ሆነ ፀዳይ 92 ፍልቃቂው ነው የሚተከለው። የሚዳቀል ልጅ የሌለው ነገር ዝርያ የሚሆነው በምንድን ነው?

መዳቢው፦ ሰው ለሺህ ዓመታት በፍልቃቂ ሲተክለው ዘር መስጠትን አስተወው እንጂ ፈጽሞ መካን ሆኖ አልተፈጠረም። በ1980ዎቹ ጃፓናዊው ኤቶ ከመካከለኛው እስያ ዘር የሚሰጡ ነጭ ሽንኩርቶችን አግኝቷል። እዚያው አካባቢ ሎንጊከስፒስ የሚባል የዱር ዘመድ አለ። አንዳንዶች የነጭ ሽንኩርት አባት ነው ይላሉ፤ ሌሎች ከእርሻ አምልጦ ዱር የገባ ነጭ ሽንኩርት ነው ይላሉ።

ዘር አባዢዋ፦ አባቱ ይሁን ልጁ አልለያችሁም።

መዳቢው፦ አልለየንም። ግን ጥያቄው ምን እንደሆነ ያስተውሉ፤ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። አባት ወይም ልጅ፣ ከሁለት አንዱ ሆኗል። ዝርያ ብለን መስመር የምናሰምርበት ቦታ የእኛ ነው ብዬ ከመጀመሪያው ሰጥቼዎታለሁ። መስመሩ የተሰመረበትን ወንዝ ግን እኛ አልቆፈርነውም።

ዘር አባዢዋ፦ በአገራችን የዱር ሽንኩርት የለም እንዴ? ሁሉ ነገር ቲቤትና ቱርክሜኒስታን ሆነብኝ።

መዳቢው፦ አለ። አሺል ሪሻር የሚባል ፈረንሳዊ ከሐበሻ የተሰበሰቡ ተክሎችን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲያሳትም አሊየም ስፓታሴየም ብሎ ጻፈው። ነጭ አበባ ያለው ትንሽ ተክል ነው። በ1976 በወጣ የአፍሪካ አሊየሞች ጥናት የሜዲትራኒያኑ ሱብሂርሱተም ንዑስ ዝርያ ተባለ። አሁን ደግሞ ራሱን የቻለ ዝርያ አድርገው የሚጽፉት አሉ።

ዘር አባዢዋ፦ ይኸው እንደገና። አንዱ ብቻውን ያቆመዋል፣ ሌላው ከባሕር ማዶ ሰው ሥር ያስገባዋል።

መዳቢው፦ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ራሱን የቻለ ዝርያ ከሆነ በሌላ ዓለም የማይገኝ፣ የእኛ አካባቢ ብቻ አደራ ነው። ንዑስ ዝርያ ከሆነ እዚህ ቢጠፋ ሰው ሜዲትራኒያን ላይ ሌላው አለ ይላል። ስለዚህ ነው በደንብ እንዲጠና የምፈልገው።

ዘር አባዢዋ፦ አየህ፣ እዚህ ላይ አንተም እንደ እኔ ፈራህ። ለአበሻዋ ሽንኩርት የፈራሁት ይህንኑ ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከምንጃር አንዲት እናት ሠላሳ ዓመት ያቆዩትን ሽንኩርት ሰጡን እንበል። ዘረ መል ባንክ እናስቀምጠዋለን። መለያው ላይ ለአንድ ስም ብቻ ቦታ አለ። ምን ትጽፋለህ?

መዳቢው፦ ያቆዩት እናት የሚጠሩበትን ስምና ቀበሌውን። ዝርያውን የዛሬ መቶ ዓመትም ከቅጠሉ ዲ ኤን ኤ አንብቦ ማወቅ ይቻላል። እናትየዋ የሚጠሩበትን ስም፣ ከማን እንደወረሱት፣ ለምን እንደመረጡት ግን ማንም ከቅጠል አያነበውም።

ዘር አባዢዋ፦ አይሆንም፤ እኔ ዝርያውን ነው የማስጽፍህ። ነገ አበስብስን ወይም ዳውኒ ሚልዲውን የሚቋቋም ሴፓ የሚፈልግ አዳቃይ በዓለም ያሉ ባንኮችን መዝገብ ሲበረብር የምንጃሯን እናት ቋንቋ አያውቅም። የሚፈልገው በሴፓ ነው። ሴፓ የሚለው ካልተጻፈባት ሽንኩርታቸው ባንክ ውስጥ ብትኖርም ማንም አይጠራትም።

መዳቢው፦ እንዲህ ካሉማ፣ እኔ ደግሞ ሴፓ ከሚሉት በሺህ የሚቆጠሩ መለያዎች መካከል የእሳቸውን ከቦምቤ ሬድ በምን ይለየዋል ብዬ ልጠይቅዎት ነው።